እጄ የቆመበት ገጽ

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር። ነጋዴ ነኝ፤ ዋጋውን ደብቆ ዕቃውን የሚያወድስ ሰው አልወድም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ሱቅ አስከፍሎኛል። ሁለት ሞንታርቦ አስከፍሎኛል። አንድ አሮጌ ሰፌድ አስከፍሎኛል። ከመስጊድ በር እስከ ቤቴ ድረስ ስሄድ ከግራም ከቀኝም ይወርድልኝ የነበረውን ሰላምታ አስከፍሎኛል። ይኼኛው ከሁሉም ይከብዳል፣ መንገዱ ረጅም ነዋ።

ሥራህ ምን ነበር ለሚለኝ ሰው አንድ ወጥ መልስ የለኝም። ካሴት ሸጫለሁ። ካሴት ሲሞት ቪዲዮ ቤት ከፍቻለሁ። ሰው ሁሉ ቪዲዮ ቤቱን በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ደግሞ ድምፅ ማጉያ፣ ያው ሞንታርቦ የምንለውን፣ ለሠርጉም ለክትባት ዘመቻውም ለባዛሩም ማከራየት ያዝኩ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፣ ከዚያም ወደ አምባሰል ተራራ ሥር እስካሉት ቀበሌዎች ድረስ ያለ እኔ ሞንታርቦ የተዳረች ሙሽራ ጥቂት ናት። በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ሳይለወጥ የኖረ ሥራ ነበረኝ፤ ደሞዝም ደረሰኝም የለውም። አጫጭር ድራማ የሚጽፉ ሰዎች ጽሑፋቸውን ያመጡልኛል፣ እያነበቡ ያሰሙኛል፣ የት ላይ እንደተበላሸ እነግራቸዋለሁ። ክፍያው ሻይ ነው። አንዳንዴ ሻዩንም የምከፍለው እኔ ነኝ።

የቲያትር ትምህርት የለኝም። ስድስተኛ ክፍልንም አልጨረስኩም። የተማርኩት ገበያ ላይ ነው። ገበያተኛ ደግሞ ከታዳሚ ይብሳል። ታዳሚ ቢሰለቸው ቁጭ ብሎ ያዛጋል፤ ገበያተኛ ቃልህን ሳትጨርስ ጀርባውን ይሰጥሃል።

ይህን ጽሑፍ የመስማት ሥራ ያወረሰኝ አያ ሙሄ ነው። አያ ሙሄ መጀመሪያ ምስር ነጋዴ ነበር። በኋላ ከደሴ ካሴት እያመጣ መሸጥ ሲጀምር ምስሩን አልተወም፤ የሱቁ ግራ ምስር፣ ቀኙ ካሴት ሆነ። እኔ የተቀጠርኩት በካሴቱ በኩል ነው። ድራማ ጸሐፊዎች መጀመሪያ የሚመጡት ድምፃቸውን ካሴት ላይ ለመቅዳት ነበር። አያ ሙሄ ግን ሳይሰማ አይቀዳም። ሰፌዱን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና፣ ምስሩን አፍሶበት ድንጋዩን እየለቀመ፣ «በል አንብብ» ይላል። ወንድ ልጅ እንደ ሴት ምስር ሲለቅም ማየት ለሰፈሩ ትልቅ ቀልድ ነበር። ሴቶቹ በሱቁ ሲያልፉ «አያ ሙሄ፣ ወጡን መቼ እንቅመስ?» ይሉታል። አይመልስላቸውም፤ እየሰማ ነዋ።

ንባቡ ሲያልቅ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይልም። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ገጽ አምስት ላይ እጄ ቆመ።» ጸሐፊው ጥሩ ሆኖ ነው ወይስ መጥፎ ሆኖ ብሎ ቢጠይቀው፣ እሱን እኔ አላውቅም፣ ሂድና ምን እንዳስቀመጥክበት አንተ እይ ይለዋል። አንድ ቀን ለምን በእጅህ ትሰማለህ አልኩት።

«ጆሮ ይዋሻል» አለኝ። «ጆሮ ጨዋ ነው፤ ጸሐፊው ፊቱ ስለተቀመጠ ያፍራል። እጅ ይሉኝታ የለውም።»

በኤድስ ክበቦች ዘመን አንድ ወጣት ድራማ አመጣ። ባል ይሞታል፣ ሐኪም ይመክራል፣ ሕዝብ ይማራል። አያ ሙሄ ምስሩን ያለ ማቋረጥ ሲለቅም ቆይቶ አንዲት መስመር ላይ እጁ ቆመ። ሚስትየዋ ባሏ ከተቀበረ በኋላ ሸሚዙን አጥባ፣ አስጥታ፣ ሲደርቅ መልሳ ታጥበዋለች። ልጁ ያቺን መስመር ሊያወጣት ነበር፤ መልእክት የላትም ብለውታል። አላወጣትም። ድራማው ሐይቅ ላይ የታየ ቀን የሐኪሙን ምክር ማንም አላስታወሰም፤ ስለ ሸሚዙ ግን እስከ ዛሬ የሚያወሩ ሴቶች አሉ።

አያ ሙሄ ሲሞት ሰፌዱ ለእኔ፣ ለይመር፣ ይሰጥ ብሎ ተናዘዘ። ልጆቹ ይህን ያህል የተናዘዘበት ዕቃ ውስጥ አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም ብለው ገልብጠው፣ አንኳኩተው፣ ስፌቱን ሁሉ አይተውታል። ከዚያ ሰጡኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ በሰፌዱ ስንት ዘመን ሰማሁበት። በኤድስ ዘመን ድራማው ሲያልቅ አንድ ሰው ይሞታል። በመልካም አስተዳደር ዘመን ማንም አይሞትም፤ ስብሰባ ይደረጋል። አሁን በሰላም ዘመን ደግሞ ሁለት ሰዎች ይጨባበጡና መጋረጃ ይዘጋል። ዝግጅት የሚያዘጋጁ ኃላፊዎችም በየዘመኑ ተለዋውጠዋል፤ ጥያቄያቸው ግን አልተለወጠም። ጽሑፉን ሳይገልጡ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ይላሉ፣ የሽንኩርት ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም ጸሐፊዎቹን አስተማርኳቸው፤ መልእክቱን መጨረሻ ገጽ ላይ በጉልህ አስቀምጡ፣ እነሱ የሚያነቡት እሱን ነው፣ ከዚያ በፊት ባለው ገጽ የፈለጋችሁትን ጻፉ። ብዙ ድራማ በዚህ ዘዴ አልፏል። በዚህ እኮራ ነበር።

መምህርት ሉባባ የመጣችው ሰኞ ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ውጫሌ አማርኛ የምታስተምር፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። አሥራ ሁለት ገጽ በላስቲክ ማህደር ይዛለች። ውጫሌ ላይ ለሚደረግ የሰላም ዝግጅት ጽፋው፣ መልእክቱ ግልጽ አይደለም ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል። ስለ ራሷም ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ወንድሟ ሰይድ የዛሬ ሦስት ዓመት በዚያ የጦርነት መኸር ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ከውጫሌ በስም ተጠርቶ ሄዷል፤ አልተመለሰም። ሞቷል የሚልም አለ፣ እስር ቤት አየሁት የሚልም አለ። ሞቱን የሚመሰክር ሰው ስለሌለ እናቷ የሙት ሰደቃ አላወጡም። ኒካህ ያሰረላት ሚስቱ ደግሞ ኢዳ፣ ያንን የመበለት አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እንዳትቆጥር ባሏ ሞተ ያላት የለም፣ እንዳትጠብቀው ይመጣል ያላት የለም፤ በሃያ ሁለት ዓመቷ ከሁለቱም ወጥታ ቁጭ ብላለች።

«ጋሽ ይመር፣ እርስዎ ይስሙልኝ» አለች። «የት ላይ እንደቆመ ብቻ ይንገሩኝ።»

ሰፌዱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ማንበብ ጀመረች።

ድራማው ይህ ነው። አንድ መንደር ውስጥ በቀትር ሞንታርቦ ይጮኻል። የማይታይ ሰው የአራት ሰዎችን ስም ይጠራል። አራቱ ይወጣሉ። ከዚያ እስከ ገጽ ስምንት ድረስ ቤተሰቦቻቸው እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ማን ጠራቸው፣ ለምን ጠራቸው፣ አንዱ ይህ ነው ይላል፣ ሌላው ያኛው ነው ይላል፣ አይስማሙም። እስከዚህ እጄ እየሠራ ነበር። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሰው የለም። ባዶ አውድማ ነው። ሞንታርቦ ብቻውን ቆሞ ያጉረመርማል። ከአጠገቡ አራት የድንጋይ ክምር አለ። «ከአራቱ በዳር ባለው ላይ አንድ ጫማ ተቀምጧል» ብላ አነበበች፤ «አረንጓዴ ኮንጎ፣ የግራ እግር።»

እጄ ቆመ።

ለምን እንደቆመ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ መደበቅ ዋጋ የለውም።

ከተሞቻችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ በነበረበት በዚያ መኸር ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡ። ታጥቀዋል፤ ግን ትሑት ነበሩ። የትኞቹ እንደነበሩ እዚህ አልጽፍም፣ በእርግጥ ስለማላውቅ። ያን ጊዜ መጠየቅ ጤና አልነበረም። ውጫሌ ላይ የእርዳታ እህል ስም ጥሪ አለ፣ ሞንታርቦ ስጠን፣ ነገ ይመለሳል አሉኝ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ባትሪውን ሞልቼ፣ ማይኩን አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ብዬ ፈትሼ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ቀትር ላይ በዚያ ሞንታርቦ አራት ስም ተጠራ። ሰይድ፣ ካሳው፣ እንድሪስ፣ ደሳለኝ። ስንዴ ነው ብለው ባዶ ጆንያ በብብታቸው ይዘው ነው የወጡት።

ዕቃዬ ሳይመለስ ሲቀር በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ሄድኩ። ታጣቂዎቹ ከዚያ በፊት ባለው ሌሊት አካባቢውን ለቀዋል ተብሏል፤ ሰው ግን አላመነም፣ ከደጁ አልራቀም። እንግዲህ ሌላው ልጁን ፍለጋ ያልደፈረውን መንገድ እኔ ዕቃ ፍለጋ ወጣሁበት። አንዲት አሮጊት በአገጫቸው ወደ አምባሰል ግርጌ ጠቆሙኝ። «ወደ ላይ ተሸክመውት ወጡ» አሉኝ።

ስደርስ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። እኛ አገር ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም ይባላል። በቀትር ሐይቁ ዳር ልብስ አይታጠብም፤ በቀትር የማይታይ ሰው ቢጠራህ እስከ ሦስት ሳይደግም አትመልስም። እኔ ይህን እስቅበት ነበር። ወደ አውድማው ስጠጋ በመጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ንብ መስሎኝ ነበር። ሞንታርቦዬ መሀል አውድማ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንደሩ አዙሮ፣ ብቻውን ያጉረመርማል። ያ ባትሪ ለስድስት ሰዓት እንጂ ለሦስት ቀን አይበቃም። ይህን እንደ ባለሙያ ነው የምናገረው።

ድንጋዮቹ ትኩስ ነበሩ፤ ከሥራቸው የወጣው አፈር ገና አልደረቀም። አራት ክምር። ዳር ያለው ላይ አረንጓዴ ኮንጎ፣ የግራ እግር።

አጠፋሁት። ተሸከምኩት። ተመለስኩ። ይኼው ነው ያደረግሁት። ሞንታርቦውን ይዤ ድንጋዩን ትቼ መጣሁ።

መጀመሪያ ፈራሁ። ሞንታርቦ የሰጠ ይመር ነው፣ ቦታውንም የሚያውቅ ይመር ነው ቢባል ምን እመልሳለሁ? ፍርሃቱ ሲለቀኝ ዘግይቼ ነበር። ከዘገየ በኋላ ደግሞ እንዴት አድርጎ ይነገራል? ስለዚህ ዝም አልኩ። ሞንታርቦውንም ማከራየቴን ቀጠልኩ። ሠርግ ላይ ሁሉ ደህና ይሠራል፤ ቀትር ሲሆን ብቻ ማንም ሳይነካው እምም ይላል። ገመዱ ነው እላቸው ነበር። ገመዱን አራት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

እንግዲህ ሉባባ አንብባ ጨረሰችና ቀና አለች። «የት ላይ ቆመ?»

«ገጽ አራት ላይ» አልኳት።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ነጋዴ ነኝ አልኩ። በሰፌዱ ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ከዋሸሁ በኋላ አንደበቴ ተፈታ። ያን ቀን የሰጠኋት ምክር ከሰጠኋቸው ሁሉ የረቀቀው ነው። ጠሪው አይታወቅም አልኳት፤ መንግሥት ነው? ሽፍታ ነው? መልአከ ሞት ነው? ታዳሚ በማን እንደሚናደድ ካላወቀ በጸሐፊው ይናደዳል። ከአራት ገጽ ክርክር ሁለቱን ቀንሺ። አንድ ሽማግሌ ጨምሪና መጨረሻ ላይ ያስታርቃቸው። ሁሉም ለአንድ ጀማሪ የሚሰጥ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ቃሉን ብትመረምረው እንከን የለውም። ከዚያ ወደምፈልገው ደረስኩ።

«ገጽ ዘጠኝን አውጪው። ሞንታርቦ ብቻውን አይጮኽም፤ ሰው ይስቃል።»

«ለእናቴ ሳነብላቸው አልሳቁም።»

«እናትሽ ታዳሚ አይደሉም።»

«እናቴ ናቸው ያዩት» አለች። «በህልማቸው። ሦስት ጊዜ። አውድማውንም፣ ክምሩንም፣ ጫማውንም እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት። መልእክቱ አይገባም ሲሉኝ እውነታቸውን ነው፤ እኔም አይገባኝም። የሚገባው ሰው ካለ ብዬ ነው ይዤው የምዞረው።»

ሞንታርቦው የእኔ እንደነበረ ሐይቅም ውጫሌም ያውቃል። እሷም ታውቃለች፤ ሄጄ ማምጣቴን ግን ማንም አያውቅም። አንዲት ጊዜም አልጠየቀችኝም። እኛ ዘንድ ሰውን በገዛ ቤቱ፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቁትም። ከአጠገቡ ያስቀምጡለትና ራሱ እስኪያነሣው ይጠብቃሉ። እኔ አላነሣሁትም።

«እኔም አልገባኝም» አልኳት።

አመስግናኝ ሄደች። ምስሩን ስመለከት ግማሹ ሳይለቀም ቀርቷል።

በአሥራ አምስት ቀኗ አስተካክላ መጣች። ገጽ ዘጠኝ የለም። ሽማግሌው ገብቷል፤ ይመክራል፣ ያስታርቃል፣ ይመርቃል። አሥራ ሁለቱ ገጽ ዘጠኝ ሆኗል። ስታነብ እጄ አንድ ጊዜም አልቆመም፤ ሰፌዱ ላይ አንዲት ድንጋይ ሳትቀር ምስሩ ጸዳ። እሷም አየችው። «አሁን ጥሩ ነው ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ኃላፊው የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብቦ አጸደቀው። ለዝግጅቱም ሞንታርቦ ያስፈልግ ነበር። ማን ጋ እንደሚገኝ ይታወቃል።

ዝግጅቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀምራል ተብሎ፣ ንግግሩ ሲረዝም፣ ድራማው መድረክ ላይ የወጣው ስድስት ሰዓት ሲል ነው። አዳራሹ ሞልቷል። የሉባባ እናት እማማ ዘሃራ ነጭ ሻሻቸውን አስረው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የሰይድ ሚስት አለች። እኔ በመድረኩ ዳር ከማጉያዬ አጠገብ ነኝ።

እስከ ክርክሩ መጨረሻ ደህና ሄደ። ተዋናዮቹ ወጡ፤ ሽማግሌ የሚሆነው ሰው ካባውን እየለበሰ ስለነበር መድረኩ ለአፍታ ባዶ ሆነ። ገጽ ዘጠኝ የነበረበት ቦታ ነው።

ሞንታርቦው እምም አለ። ቆመ። ደግሞ እምም አለ። ቆመ። አዳራሹ ገመድ የተነካ መስሎት ጠበቀ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር አላቋረጠም። እማማ ዘሃራ ተነሥተው ቆሙ።

«ወዬ» አሉ። «ወዬ ሰይዴ።»

አጥፍቼ ገመዱን ነቀልኩት። ድምፁ ግን አልቆመም። ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል ለጥቂት ጊዜ እንደሚቆይ አውቃለሁ፤ ያም ቢሆን ያን ያህል አይቆይም። ገመዱ እጄ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ እያየሁት፣ ሞንታርቦው እያጉረመረመ እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ከዚያ ዝም አለ። እማማ ዘሃራ ቆመው መልስ የሚጠብቁ መሰሉ።

ሰው ይስቃል ብዬ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ሉባባ መጋረጃው ጀርባ የልብስ ሣጥን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጽሑፉ ጉልበቷ ላይ ነው። ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«ገጽ አራት ላይ አልነበረም» አልኳት።

«ምኑ?»

«እጄ የቆመው።»

ቀና ብላ አየችኝ።

«ዘጠኝ ላይ ነው። ክምሩ አራት ነው፣ ጫማውም የግራ እግር ነው። እኔ በህልሜ አይደለም ያየሁት። ዕቃዬን ላመጣ ሄጄ ነው።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። በሦስተኛው ቀን።»

እጇን ወደ መድረኩ ዘረጋች፣ ወደ ሞንታርቦው። «ይኸው ነው?»

«እሱው ነው።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሠርግ ስታሞቅ ነበር?» አለች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። እስከዚያች ደቂቃ እርስዎ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንተ ነኝ፤ እስከ ዛሬም አልመለሰችልኝም።

አዎ አልኳት። 

በማግስቱ ወጣን። የአራቱ ቤተሰብ፣ ሽማግሌዎች፣ ሼሁም ቄሱም ነበሩ። መንገዱን የመራሁት እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ያን ያህል ሰው እየተከተለኝ አንድም የሚያናግረኝ አልነበረም። ስንደርስ ቀትር ሆኖ ነበር። አውድማው ላይ ሣር በቅሏል፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ማንም እህል አልወቃበትም። ለምን ተዋችሁት ብለን ብንጠይቅ ያገሩ ገበሬዎች በሬዎቹ አንገባም ስላሉ ነው አሉ። ከዚህ ሌላ ምክንያት አልሰጡም።

ክምሩ እንደነበረ አለ። ጫማውም አለ። ፀሐይ አንጥቶት አረንጓዴ መሆኑ አይታወቅም። እማማ ዘሃራ አንሥተው ገለበጡት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «የሰይድ አይደለም» አሉ። «ሰይድ ያን ቀን የቆዳ ጫማ ነው ያደረገው።»

የካሳው አባት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏቸው። «የኔ ልጅ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ሦስት ጊዜ በእማማ ዘሃራ ህልም የመጣው የጎረቤት ልጅ ጫማ ነበር። ይህን የሚፈታ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሼሁንም ጠየቅሁ፣ ቄሱንም ጠየቅሁ። ሁለቱም አላህ ያውቃል፣ እግዜር ያውቃል ብለው ወደ ሌላ ወሬ ገቡ።

ዳር ያለው የካሳው መሆኑ ታወቀ። የቀሩት ሦስቱ ማን የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ይቆፈር ያለም ነበር፤ ቤተሰቦቹ አይሆንም አሉ፣ አብረው የተኙትን አንለያይም። ስለዚህ ሼሁም በአራቱም ላይ ሰገዱ፣ ቄሱም በአራቱም ላይ ፍትሐት ፈቱ። እማማ ዘሃራ በየክምሩ እየሄዱ አንድ አንድ ድንጋይ ጨመሩ። እኔም አንድ ድንጋይ አነሣሁ። የእንድሪስ ወንድም መጥቶ ከእጄ ወሰደው፤ በቁጣ አይደለም፣ ከእንግዳ እጅ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ነው የወሰደው።

ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሬን አይተዋል። አልገደለም፣ አላስገደለም፣ ካሣ የለበትም አሉ። እውነታቸውን ነው። የረገመኝም የለም። ሰላምታው ግን በዚያ ሳምንት ቆመ። «አሰላሙ አለይኩም» ስል ግዴታ ነውና ይመልሱልኛል፤ አጭሯን «ወአለይኩም» ነው የሚመልሱልኝ። ሠርግ የሚደግስ ሁሉ ሌላ ሞንታርቦ ከደሴ ያስመጣል። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ብሆን ልጄን በዚያ ድምፅ አልድርም።

አንዱን ሞንታርቦ የሚገዛኝ ጠፍቶ በነፃ ሰጠሁት። ያንኛውን ራሴ ብሎን በብሎን ፈታሁት። ውስጡ ገለባ ሞልቶት አገኘሁ፤ የአውድማ ገለባ። አንድ የደሴ ጠጋኝ የሚያጉረመርመው በገለባው ነው አለኝ። ለምን በቀትር ብቻ እንደሆነ ግን ስጠይቀው ሌላ ደንበኛ መጣበት።

ሱቁን ልዘጋ ዕቃ ስሰበስብ ሉባባ መጣች። አልገባችም። ደጃፉ ላይ ቆማ ከማህደሯ ወረቀት አወጣች። «ስማ» አለችኝ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

አሥራ ሦስት ገጽ ሆኗል። ሽማግሌው የለም፣ ምርቃቱ የለም፣ ገጽ ዘጠኝ ተመልሷል። አውድማ፣ አራት ክምር፣ ጫማ፣ ብቻውን የሚያጉረመርም ሞንታርቦ። ከዚያ አንዲት መስመር ጨምራለች። አንድ ሰው ይገባል፤ ክምሩን ያያል፤ ሞንታርቦውን ያጠፋና በትከሻው ተሸክሞ ይወጣል። ስም የለውም። አንድ ቃል አይናገርም። ማን እንደጠራቸው ድራማው እስከ መጨረሻው አይናገርም። ኃላፊው መልእክቱ ምንድን ነው ቢላት ምን እንደምትመልስ አላውቅም፤ እኔ ግን አልጠየቅኋትም።

«የት ላይ ቆመ?» አለች።

«ዘጠኝ ላይ» አልኳት።

ወረቀቱን አጠፈች። ከሰፌዱ ላይ ምስሩን አራገፍኩና ሰፌዱን ዘረጋሁላት። ገልብጣ አላየችውም። ተቀብላኝ ሄደች። አሁን ውጫሌ ላይ ጽሑፍ የሚሰማው ሰው እሷ ናት ይባላል፤ ምስር እየለቀመች።

ሒሳቡ ይኼ ነው። ሱቁ ተዘግቷል። ሞንታርቦዎቹ የሉም። ሰፌዱ ውጫሌ ነው። የሰይድ ሰደቃ ወጥቷል፤ ሚስቱ ኢዳዋን ጨርሳለች። አራት ሰው ተገኝቷል። አንድ ሰው ሦስት ዓመት ዘግይቷል።